ጦርነቱ መቼ አለቀ?

ክርክሩ የተነሳው በአንዲት ቀን ልዩነት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የቤት ሥራ ተሰጣት። «ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር ያደረገቻቸውን ጦርነቶች ዋና ዋና ቀናት በሁለቱም አቆጣጠር በሠንጠረዥ ሠርታችሁ አምጡ» የሚል። ቀላል መሰላት። ስልኳ ላይ ያለውን ካላንደር አየችና በመጀመሪያው መስመር «የአድዋ ድል፦ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ማርች 2 ቀን 1896» ብላ ጻፈች።

ማታ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቷ ልጅ በቪዲዮ ደወለ። ሠንጠረዡን በካሜራ ስታሳየው ሳቀባት።

«ተሳስተሻል። አድዋ ማርች 1 ነው። እዚህ ያለ መጽሐፍ ሁሉ ማርች 1 ነው የሚለው።»

እሷም አልተበገረችም። «የካቲት 23 መቼ እንደሚውል ከእኔ በላይ ልታውቅ ነው? በየዓመቱ ምኒልክ አደባባይ የምንወጣው ማርች 2 ነው!»

ጋቢያቸውን ደርበው ጥግ ላይ የተቀመጡት አያታቸው ሲያዳምጡ ቆዩና «እርሳስና ወረቀት አምጪ» አሉ።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸው 83 ነው። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚነት ነው። ኮምፒዩተር ሳይመጣ በፊት የእርሳስ ፊደል ከሳጥን አንድ በአንድ እየለቀሙ ጋዜጣውን፣ መጽሐፉን፣ የሠርግ ጥሪውን፣ የለቅሶ ማስታወቂያውን ይደረድሩ ነበር። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን የግድግዳ ካላንደር ነው ይላሉ። በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ፤ ትልቁ የኢትዮጵያ፣ ትንሹ የፈረንጅ። አንዷ ከተንሸራተተች የዓመቱ ቀን ሁሉ ይንሸራተታል።

ለልጆቹ እንዲህ ብለው አስረዷቸው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፤ አንድም ጊዜ አያቋርጥም። የፈረንጁም በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋል፤ ነገር ግን መቶ ዓመት ሲሞላ፣ ዓመቱ ለ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ይዘልላል። ስለዚህ በፈረንጆች 1900 ፌብሩዋሪ 29 የሚባል ቀን አልነበረም። ከዚያ በፊት እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 10 ይውል ነበር፤ ከዚያ በኋላ 11 ሆነ። አድዋ የሆነው ከዝላዩ በፊት ነው። ስለዚህ ውጊያው የተደረገው እሑድ ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ መታሰቢያው ግን ዛሬ ማርች 2 ይውላል። ፈረንጆቹ በ2100 እንደገና ሲዘሉ ደግሞ ማርች 3 ይሆናል።

«የካቲት 23 ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም» አሉ። «የጊዮርጊስ ዕለት ነዋ! ታቦቱ አብሮ ዘምቷል። አራዳ ጊዮርጊስ ለምን የድሉ ማስታወሻ ሆኖ የተሠራ ይመስላችኋል?»

ሁለቱም ልክ ሆኑ። ልጁ ለውጊያው ቀን፣ ልጅቷ ለዛሬው በዓል። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር።

* * *

አላለቀም። ቀጣዩ መስመር የሁለተኛው ወረራ ነበር። ልጁ አሁንም ቀደማት። «እሱማ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ሴፕቴምበር 1939 ነው የተጀመረው።»

ይህ ስህተት የእሱ ብቻ አይደለም። በአብዛኛው ዓለም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ጦርነቱ የሚጀምረው ሂትለር ፖላንድን በወረረበት በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1931 መሆኑ ነው። በዚያን ቀን ግን ኢትዮጵያ ጦርነት ውስጥ ከገባች አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር።

አያቱ ቀኖቹን በቃላቸው ነው የሚያውቋቸው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ ግጭት። መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። በዚያ ባዶ ቀናት አራዳ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ሚያዝያ 27 ባዶልዮ ከተማዋን ያዘ። ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን» አሉ፣ «ዓለም ሰላም ነበር ብላችሁ ነው የምትጽፉት?»

የሚገርመው፣ ዓለም ራሱ በኋላ ይህን ቀን በፊርማው አምኗል። በ1939 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947፣ ፓሪስ ላይ ከጣሊያን ጋር በተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 38፣ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመችው ድርጊት ሁሉ ኃላፊነቷ የሚቆጠረው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ እንደሆነ ተጽፏል። መስከረም 22 ቀን 1928 ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የተወሰዱ ቅርሶችና መዛግብት በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ፣ ለኢትዮጵያም 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፈል የተወሰነው በዚሁ ውል ነው። የአክሱም ሐውልት አገሩ የገባው 18 ወሩ ሳይሆን 58 ዓመቱ ሲሞላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው።

ውሉ ላይ መስከረም 22 ተጻፈ፤ ፍርድ ቤት ግን አልደረሰም። ግራዚያኒ በ1950 ጣሊያን አገር ተፈረደበት፤ የተፈረደበት ግን ከ1943 በኋላ ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው። ስለ የካቲት 12 በየትኛውም ችሎት ቆሞ አልተጠየቀም።

* * *

ጦርነት መቼ እንደተጀመረ ማወቅ ይከብዳል፤ መቼ እንዳለቀ ማወቅ ግን ይብሳል። ምክንያቱም «አለቀ» የሚለው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው።

መጀመሪያ «አለቀ» ያለው ሙሶሊኒ ነው። ግንቦት 1 ቀን 1928 ሮም ሰገነት ላይ ቆሞ ግዛተ ነገሥት አወጀ። በእሱ ካላንደር ጦርነቱ ሰባት ወር ከምናምን ቀን ፈጀና ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ መሣሪያ ያነሳ ሁሉ ወታደር አይደለም፤ ሽፍታ ነው። የተማረከ እንደ ምርኮኛ አይያዝም፤ እንደ ወንበዴ ይሰቀላል።

አቡነ ጴጥሮስ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው። ሙሶሊኒ «አለቀ» ካለ ሦስት ወር ሊሞላው ሲል። ዛሬ ከፒያሳ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲኬድ ሐውልታቸው ቆሟል። በጣሊያን አቆጣጠር ጳጳሱ የሞቱት በጦርነት ሳይሆን በአመፅ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በሦስት ቀን የተጨፈጨፈው ሕዝብም እንዲሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሰው ሞቷል ብሏል። ያን ሰሞን የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ነዷል። በወራሪው ወረቀት ላይ ግን ያ ጊዜ «ሰላም» ነበር።

ስለዚህ ቀን ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። ከቀኑ ውጭ የቀረ ሰው ስሙ ይቀየራል። አርበኛው ሽፍታ ይሆናል።

* * *

ታዲያ መቼ አለቀ? ልጅቷ «ይሄንን አውቀዋለሁ» አለች። «ሚያዝያ 27 ቀን 1933። የአርበኞች ቀን።»

አያቷ ፈገግ አሉ። ይህችን ቀን በእጃቸው ሦስት ጊዜ ደርድረዋታል። በወጣትነታቸው፣ በንጉሡ ጊዜ፣ በካላንደሩ ላይ ቀይ የምትሆነው ሚያዝያ 27 ነበረች። ደርግ ሲመጣ ትእዛዝ መጣ፤ ቀዩ ከሚያዝያ 27 ተነስቶ መጋቢት 28 ላይ ዋለ። ከ1983 በኋላ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ መጣ፤ ቀዩ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

ሁለቱም ቀኖች እውነት ናቸው። የብሪታንያ ጦር፣ በውስጡም ደቡብ አፍሪካውያን፣ አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ያን ዕለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ቀን ደብረ ማርቆስ ገብተው ነበር። ወደ ዋና ከተማቸው ለመግባት ግን አንድ ወር ያህል ቆዩ። እንግሊዞቹ በከተማዋ ያሉት ጣሊያናውያን በቀል ይደርስባቸዋል ብለው ስለፈሩ አዘገዩአቸው። ሚያዝያ 27 በእንጦጦ በኩል ሲገቡ ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ልክ አምስት ዓመት ሞላ። ቀን ሳይጎድል፣ ቀን ሳይተርፍ።

«አምስቱ የጠላት ዘመን» የሚለው አጠራር እንግዲህ የሚገጥመው በሚያዝያ 27 ብቻ ነው። በመጋቢት 28 ከተቆጠረ አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ይሆናል። ከመስከረም 22 ከተጀመረ ደግሞ አምስት ዓመት ተኩል ያልፋል።

ደርግ ቀኑን ለምን እንደቀየረው ለመገመት አይከብድም። ሚያዝያ 27 ሲነሳ ንጉሡ አብረው ይነሳሉ። ንጉሡን ለማውጣት ቀኑን አነሱ። ልብ በሉ፦ ንጉሡን ሲሸሹ የወደቁት የእንግሊዝ ጄኔራሎች በገቡበት ቀን ላይ ነው። ጸረ ኢምፔሪያሊስት ነኝ የሚል መንግሥት በየዓመቱ የብሪታንያ ጦር አዲስ አበባ የገባበትን ዕለት ሲያከብር ኖረ። ሚያዝያ 27 ብትሆንም ሙሉ አይደለችም። አራት ኪሎ ያለው ሐውልት የቆመው በዚህች ቀን ስም ነው፤ ነገር ግን ቀኗ የመመለስ ቀን ናት። ሳይወጡ እዚያው ጫካ የቆዩት፣ በሸዋ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር፣ በጎጃም ከበላይ ዘለቀ ጋር የከረሙት፣ የሚመለሱበት ቀን አልነበራቸውም። አልሄዱማ።

* * *

እዚህ ላይ ሽማግሌው ዝም አሉ። ልጅቷ «አባባ፣ ታዲያ የትኛውን ልጻፍ?» ስትል ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገሯት።

አባታቸውን አያውቋቸውም። እሳቸው በጥር 1934 በጌምድር ሲወለዱ አባታቸው ከሞቱ ሁለት ወር አልፏል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። የአኦስታው መስፍን ግንቦት ላይ አምባላጌ እጁን ሲሰጥ እንኳ በጎንደር ጄኔራል ናዚ አልሰጥም ብሎ ክረምቱን ከረመ። ከጎንደር በስተደቡብ ያለው የቁልቋል በር ምሽግ የተሰበረው ኅዳር 12 ቀን 1934 ነው። ጎንደር የወደቀችው ኅዳር 18። ከሚያዝያ 27 በኋላ ስድስት ወር ከሃያ ቀን ገደማ መሆኑ ነው። በቁልቋል በር ከብሪታንያ ጦር ጎን የተሰለፉ ኢትዮጵያውያን አርበኞች ነበሩ። የሽማግሌው አባት ከእነሱ አንዱ ነበሩ። አልተመለሱም።

እናታቸው ልጃቸውን አዝለው አዲስ አበባ መጡ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ጠላ እየሸጡ አሳደጓቸው። ለሟች አርበኛ ቤተሰብ ይሰጣል የተባለ ነገር መኖሩን ሲሰሙ ሄደው ጠየቁ። ጸሐፊው ወረቀቱን አየና ባልዎ መቼ ሞተ አላቸው። «በኅዳር ሚካኤል» አሉ። በየትኛው ዓመት? «በሠላሳ አራት።»

«ጦርነቱ እኮ በሠላሳ ሦስት ሚያዝያ አልቋል፣ እማማ» አላቸው። «በሠላሳ አራት የሞተ ምን አርበኛ ይባላል? ሽፍታ ይሁን ምን ይታወቃል?»

እናትየው ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ጎንደር የት እንዳለች እንጂ መቼ እንደተያዘች በመጽሐፍ አያውቁም። መልስ አጡ። ወጥተው ሄዱ፤ ዳግም አልጠየቁም። በየዓመቱ ግን ኅዳር 12 ሲመጣ የሚካኤልን ጠበል ጸዲቅ ያዘጋጃሉ። ያን ዕለት ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። ልጃቸው ያን ሰዓት እናታቸው ለምን እንደሚያለቅሱ ሲጠይቁ «ጭሱ ነው» ይሏቸው ነበር።

ልጅየው አድገው ፊደል ለቃሚ ሆኑ። አንድ ቀን ስለ አርበኞች የተጻፈ ጽሑፍ ሲደረድሩ «ቁልቋል በር» የሚለውን ቃል በእጃቸው ለቀሙ። ከዚያ «ኅዳር»ን። ከዚያ አንድን፣ ሁለትን። ቆሙ። ማረሚያው ሲታተም አንድ ቅጠል አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ማታ ለእናታቸው አነበቡላቸው። እናታቸው ሰምተው ሲያበቁ «እኔ መቼ አጣሁት?» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ሙሶሊኒ ግንቦት 1 «አለቀ» ሲል አቡነ ጴጥሮስን ከጦርነቱ አወጣቸው። ጸሐፊው ሚያዝያ 27 «አለቀ» ሲል እኚያን ሰው ከጦርነቱ አወጣቸው። አንዱ ጠላት ነው፣ አንዱ ወገን። አንዱ በክፋት ነው፣ አንዱ በግዴለሽነት። ለሟቹ ቤት ግን የደረሰው ቃል አንድ ነው።

* * *

የካቲት 23 ጠዋት አያትና የልጅ ልጅ ከሚኖሩበት ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተነስተው ፒያሳ መጡ። ሽማግሌው የሚያውቋት ፒያሳ አብዛኛዋ የለችም። በ2016 የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰች። እናታቸው ጠላ የሸጡባት ግቢ የት ጋ እንደነበረች በመንገዱና በአዲሱ ተክል መካከል ለማመልከት ሞከሩ፤ እጃቸው ሁለት ሦስት ቦታ ዞረና ተወት አደረጉት።

የቀረው ግን ማንበብ ለሚችል ገና ብዙ ይናገራል። የሰፈሩ ስም ራሱ ፒያሳ የጣሊያን ቃል ነው። ቶሞካ ያለበት መንገድ የሚጠራው በእንግሊዙ ጄኔራል በዌቨል ነው። የምኒልክ ሐውልት በ1923 ቆመ፤ ጣሊያን አነሳው፤ ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ በ2008 ተመለሰ። በአንድ ጠዋት በእግር ተዙሮ በሚያልቅ ሰፈር ውስጥ 1888፣ 1928፣ 1929፣ 1933 ጎን ለጎን ቆመዋል። ያልቆመው 1934 ብቻ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ሌላ በዓል መጨመር አይደለም። ሚያዝያ 27ን መሻርም አይደለም፤ ደርግ ሞክሮታል። አገር አንድ ቀን መርጦ ማክበሩ ተገቢ ነው፤ ሰው በ12 ወር ሙሉ በዓል ማክበር አይችልም። ችግሩ የበዓሉ ቀን የመዝጊያ ቀን ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ቀይ የተቀባችው ቁጥር ለማስታወስ የተመረጠች ናት እንጂ ከእሷ ወዲህ የሞተውን ለመሰረዝ የተሰጠች ማኅተም አይደለችም። በማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ከሚያዝያ 27 ቀጥሎ ሁለት መስመር፣ ቁልቋል በርና ጎንደር፣ ቢጨመሩ ብዙ ወረቀት አይፈጁም። በዚያ ሁለት መስመር ግን ስንት ቤት ያለ ሟች ወደ ጦርነቱ ይመለሳል!

ይህ ደግሞ የድሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህች አገር ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ብዙ ጊዜ «ጦርነቱ አልቋል» ተብሏል። ከተባለ በኋላ የሞቱት በየትኛው መስመር እንደሚጻፉ ያሰበ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ልጅቷ ሠንጠረዡን ሰኞ አስረከበች። በመጀመሪያው መስመር «ማርች 1 (ዛሬ ማርች 2 ይውላል)» ብላለች። መጀመሪያ ያልነበረ አንድ ዓምድ ጨምራለች፤ ከላዩ «አለቀ ያለው ማን ነው?» ይላል። ከግንቦት 1 ቀን 1928 ትይዩ «ሙሶሊኒ»። ከመጋቢት 28 ቀን 1933 ትይዩ «እንግሊዞች፣ በኋላ ደርግ»። ከሚያዝያ 27 ትይዩ «ንጉሡ»። ከኅዳር 18 ቀን 1934 ትይዩ «ጄኔራል ናዚ፣ እጁን ሲሰጥ»።

ከእሱ በላይ ኅዳር 12 ቀን 1934፣ ቁልቋል በር፣ የሚል መስመር አለ። በዚያ ትይዩ ያለውን ሣጥን ምን እንደምትሞላበት አያቷን ጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም ትንሽ አስበው «ባዶ ተይው» አሏት። «እናቴ አለቀ ብላ አታውቅም።»